ኮሬሊ በፖቶማክ ዳር

ጃንዋሪ 1 ቀን 1700 ሮም ላይ አንድ የሙዚቃ መጽሐፍ ወጣ። ዓመቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትም ሁሉ እንደዚያው ናቸው። ደራሲው አርካንጄሎ ኮሬሊ ያኔ 46 ዓመቱ ነበር፤ በካርዲናል ፒየትሮ ኦቶቦኒ ጥላ ሥር የሚኖር፣ ጠባዩ ጭምት የሆነ ቫዮሊን ተጫዋች። ለኅትመት የሚቸኩል ሰው አልነበረም። በዕድሜው ሙሉ ለኅትመት ያዘጋጀው ስድስት መጽሐፍ ብቻ ሲሆን ስድስተኛው የወጣው ከሞተ በኋላ ነው። ይህ አምስተኛው ግን አውሮፓን አዳረሰ፤ መቶ ዓመት ሳይሞላው ከ40 ጊዜ በላይ ታተመ።

መጽሐፉ 12 ሶናታዎች አሉት። የፊተኞቹ ስድስት ለቤተ ክርስቲያን የሚስማሙ፣ ረጋ ያሉ ናቸው። ከሰባተኛው እስከ አሥራ አንደኛው ያሉት አምስቱ ግን ለእልፍኝ የተጻፉና ከዳንስ የተሠሩ ናቸው፤ አልማንዱ ይራመዳል፣ ኮሬንቴው ይሮጣል፣ ሳራባንዱ ይከብዳል፣ ጂጉ ይዘላል። አሥራ ሁለተኛው ለብቻው ነው። «ላ ፎሊያ» የሚባል ድሮ የሚታወቅ ዜማ ይይዝና መልኩን እየለዋወጠ እስከ መጨረሻው ይወስደዋል።

ወረቀቱ ላይ ያለው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ከላይ ቫዮሊኑ፣ ከታች ባሱ። በባሱ ኖታዎች አጠገብ 6፣ 7፣ 4 የሚሉ ትናንሽ ቁጥሮች ሰፍረዋል። ሃርፕሲኮርድ የሚጫወተው ሰው በግራ እጁ የባሱን መስመር ይመታል፤ ቀኝ እጁ የሚመታውን ግን ማንም አልጻፈለትም፤ ቁጥሮቹን እያየ እዚያው ይፈጥረዋል። ኮንቲኑዎ የሚባለው ይህ ነው። ዜማ ቤት ላለፈ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በግዕዙ ቃል ራስ ላይ የተጻፉት ምልክቶች ዜማውን የሚነግሩት ለተማረው ብቻ እንደሆነ ሁሉ፣ እነዚህ ቁጥሮችም ከመምህር እግር ሥር ላልተቀመጠ ሰው ቁጥር ብቻ ናቸው። ስለዚህ አንድ ቤት የኮሬሊን የእልፍኝ ሶናታ መስማት ከፈለገ መጽሐፉን መግዛት አይበቃውም። ሁለት ዓይነት መሣሪያ፣ አንድ አስተማሪ፣ የሚማሩ ልጆችና ብዙ ትርፍ ጊዜ ያስፈልገዋል። በአጭሩ ገንዘብ ያስፈልገዋል።

በዚያው ዘመን ጎንደር ላይ አድያም ሰገድ ኢያሱ ነግሠው ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ ከካይሮ ተነሥቶ በ1699 ጎንደር ገብቶ ንጉሡን አክሞ በ1700 ተመለሰ። የጎንደርና የኮሬሊ ዓለም በአንድ ሰው እጅ እስኪገናኝ ግን ገና ከ70 ዓመት በላይ ይቀራል፤ እደርስበታለሁ።

ኮሬሊ በ1713 ሮም ላይ ሞተ። በማግሥቱ ዓመት ተማሪው ፍራንቼስኮ ጄሚኒያኒ ቫዮሊኑን ይዞ ለንደን ገባ። ለንደን የኮሬሊን መጽሐፍ ደጋግማ እያተመች፣ እየኮረጀችና እያስተማረች ሁለተኛ አገሩ አደረገችው። ለንደን ውስጥ ፋሽን የሆነ ነገር ደግሞ ውሎ አድሮ ቨርጂኒያ መድረሱ አይቀርም ነበር፤ የቨርጂኒያ ባለርስት ትምባሆውን በትልልቅ በርሜል አሽጎ ለለንደን ወኪሉ ይልካል፣ ወኪሉ ሸጦ በሒሳቡ ላይ ይመዘግብለታል፣ ባለርስቱም በዚያ ሒሳብ ከጫማ እስከ ሠረገላ ያስመጣል። ከዕቃው ጋር ክርና የኖታ መጽሐፍ ይመጣል። ትምባሆውን የሚተክሉት፣ የሚለቅሙትና የሚያደርቁት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ነበሩ።

ቫዮሊን ግን በመጽሐፍ ብቻ አልገባም። በ1737 ሃኖቨር በሚባለው የቨርጂኒያ ካውንቲ ለቅዱስ እንድርያስ በዓል ውድድር ታወጀ። 20 ተጫዋቾች ይቀርባሉ፤ ሽልማቱ አንድ ቫዮሊን ነው፤ የራሱን መሣሪያ ይዞ ያልመጣ አይወዳደርም። አሸናፊው ከታወቀ በኋላ ደግሞ ሁሉም በአንድነት እንዲጫወቱ ታዘዋል፤ እያንዳንዱ የየራሱን ዜማ! የጨረባ ተዝካር ማለት ይህ ነው። ማስታወቂያው የወጣው «ቨርጂኒያ ጋዜት» በሚባለው ጋዜጣ ነው። በዚያው ጋዜጣ፣ ከዓመት ዓመት፣ ጌቶች የጠፉባቸውን ባሪያዎች ለማስያዝ በሚያወጡት ማስታወቂያ ውስጥ ከቁመቱና ከጠባሳው ቀጥሎ «ቫዮሊን ጥሩ አድርጎ ይጫወታል» የሚል መለያ እየደጋገመ ይገኛል። አብዛኞቹ ኖታ አላነበቡም፤ ግን የአገሩን ዳንስ ሁሉ በጆሯቸው ይዘውታል።

ፌርፋክስ ካውንቲ የተቋቋመው ከዚያ ውድድር አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1742 ነው። ስሙን ያገኘው በፖቶማክና በራፓሃኖክ ወንዞች መካከል ያለውን ሰፊ ምድር በንጉሥ ስጦታ ከወረሰው ከሎርድ ቶማስ ፌርፋክስ ነው። በ1749 የአሌክሳንድሪያ ከተማ በወንዙ ዳር ተመሠረተች። ከከተማዋ በታች፣ ቁልቁል በወንዙ፣ ሦስት ትልልቅ ቤቶች ተከታትለው ይገኙ ነበር፤ የዋሽንግተኖች ማውንት ቨርነን፣ የፌርፋክሶች ቤልቮር፣ የጆርጅ ሜሰን ጋንስተን ሆል። ጎረቤታሞች ናቸው፤ ይጠራራሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይደንሳሉ።

በኦክቶበር 1761 ጆርጅ ዋሽንግተን ለለንደን ወኪሉ ለሮበርት ኬሪ ኩባንያ የዕቃ ዝርዝር ላከ። ያኔ 29 ዓመቱ ነው፤ ባለጸጋዋን መበለት ማርታ ከስቲስን ካገባ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም። በዝርዝሩ ውስጥ አንድ ስፒኔት አለች። ስፒኔት የሃርፕሲኮርድ ታናሽ ናት፤ ክሩን በላባ ጫፍ እየቆነጠረች ትጮሃለች፤ ለትንሽ ክፍልና ለሚማር ልጅ ትመቻለች። ዋሽንግተን ሠሪው ፕሌኒየስ የሚባለው የለንደን ባለሙያ እንዲሆን በስም ጠየቀ። ከዚያ አንድ ልመና አከለበት፤ ወኪሉ መሣሪያዋን ለራሱ ወይም ለወዳጁ እንደሚገዛ መስሎ ይዘዝ፣ ባሕር ማዶ እንደምትሄድ ለሠሪው አይነገረው። ዕቃው ወደ ቅኝ ግዛት እንደሚሄድ ያወቀ ነጋዴ የማይረባውን ያራግፋል ብሎ ይሰጋ ነበርና። ትርፍ ክሮችም እንዲላኩለት አዘዘ፤ የተበጠሰ ክር ለመተካት አትላንቲክን የሚያቋርጥ መርከብ ከመጠበቅ ይህ ይሻላል።

ስፒኔቷ የታሰበችው ለእንጀራ ልጁ ለፓትሲ ነው። ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። በሁለት ዓመት የሚበልጣት ወንድሟ ጃኪ ደግሞ ቫዮሊንና ዋሽንት ተማረ። በ1760ዎቹ አጋማሽ ጆን ስታድለር የተባለ ጀርመናዊ የሙዚቃ መምህር ወደ ማውንት ቨርነን መመላለስ ጀመረ፤ ልጆቹንም እናታቸውንም ያስተምር ነበር። ስታድለር ከቤት ወደ ቤት በፈረስ እየዞረ፣ በያንዳንዱ ቤት ጥቂት ቀን እያደረ የሚኖር ሰው ነው። እንግዲህ ፌርፋክስ ውስጥ በአንድ እልፍኝ ቫዮሊን የያዘ ወንድም፣ ስፒኔት ላይ የተቀመጠች እህትና ሙዚቃ የሚያስተምር መምህር ተገናኙ። የኮሬሊ መጽሐፍ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በዘመኑ ደግሞ ቫዮሊን የሚማር ልጅ የሚያልፍበት ዋና በር ያው የኮሬሊ አምስተኛ መጽሐፍ ነበር፤ ጄሚኒያኒ በ1751 ለንደን ላይ ያወጣው የቫዮሊን ማስተማሪያም ያንኑ ትምህርት ለእንግሊዝኛ አንባቢ ያደረሰ ነው።

የቤቱ ጌታ ራሱ አይጫወትም። ዋሽንግተን በ1789 ለወዳጁ ለፍራንሲስ ሆፕኪንሰን ሲጽፍ መዝፈንም ሆነ በየትኛውም መሣሪያ አንድ ኖታ ማውጣት እንደማይችል ተናግሯል። ዳንስ ላይ ግን ማንም አይቀድመውም ነበር። በ1770 ክርስቲያን የተባለ የዳንስ መምህር በተራ በየቤቱ እየዞረ የጎረቤቶቹን ልጆች ሰብስቦ ሲያስተምር፣ ማውንት ቨርነንም ከተረኞቹ ቤቶች አንዱ ሆነ። የእልፍኝ ሶናታ ለእነዚህ ልጆች ቅርብ የሆነውም በዚህ ነው። ጆሮአቸው ጂጉን ከመስማቱ በፊት እግራቸው ያውቀዋል።

የፓትሲ ነገር አሳዛኝ ነው። የሚጥል በሽታ ነበረባት። ወላጆቿ ሐኪም ለዋወጡ፣ ጠበል እንደምንለው ያለ የምንጭ ውኃ ፍለጋ ወሰዷት፤ አልሆነም። ጁን 19 ቀን 1773 ማውንት ቨርነን ውስጥ በ17 ዓመቷ ሞተች። ከሟች አባቷ ከወረሰችው ሀብት በእናቷ በኩል ለዋሽንግተን የደረሰው ድርሻ ለንደን የተከመረበትን ዕዳ ለመክፈል ዋለ። ከዕዳው ባለቤቶች አንዱ ስፒኔቷ የታዘዘችበት የኬሪ ኩባንያ ነበር።

በዚያው ዓመት፣ ከፌርፋክስ ወደ ታች ባለው የወንዙ ክፍል፣ ፊሊፕ ፊቲያን የሚባል የፕሪንስተን ምሩቅ ኖሚኒ ሆል በሚባለው የሮበርት ካርተር ቤት የልጆች መምህር ሆኖ ገባ። ካርተር ከቨርጂኒያ ባለርስቶች ሁሉ ሙዚቃ ያጠና የሚባል ነው፤ ሃርፕሲኮርድ፣ ፎርቴፒያኖ፣ ጊታር፣ ቫዮሊን፣ ዋሽንት ሁሉ ቤቱ አለ። ያ ስታድለርም ወደዚህ ቤት ይመጣል። ፊቲያን ማስታወሻ ይጽፍ ነበርና የዚያን ዘመን እልፍኝ የምናየው በእርሱ ዓይን ነው። በጃንዋሪ 1774 አንድ እሑድ ማታ የጻፈው ግን ከእልፍኙ ውጭ ስለሆነው ነው። በባርነት የተያዙት ሰዎች ትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ቫዮሊን እየመቱ ይጨፍራሉ። ገብቶ ሲያይ የካርተር ልጅ ቤንና ዘመዱ ሃሪ በመካከላቸው አሉ፤ ሃሪ ኮቱን አውልቆ ይደንሳል። ፊቲያን በተናቸው።

እኔ ከዚያ ሁሉ ማስታወሻ የምወደው ይህን ገጽ ነው። ሃሪና ቤን ቤታቸው የሙዚቃ መምህርና ከለንደን የመጣ መሣሪያ ሞልቶላቸው፣ ለመደነስ የሄዱት ኖታ የማያውቀው ቫዮሊን ወዳለበት ነው። መምህሩ ያዘዙትንና የወደዱትን ለይተው ያውቃሉ። (ካርተር ኋላ በ1791 በፈረመው ሰነድ ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎችን ከባርነት ነጻ ማውጣት ጀመረ፤ በዘመኑ ይህን ያህል ሰው ነጻ ያወጣ ሌላ ባለርስት የለም።) በዋና ከተማው በዊልያምስበርግ ደግሞ የገዢው የሎርድ ቦተቶርት አሽከር የነበረው ሳይ ጊሊያት፣ በባርነት የተያዘ ጥቁር ሰው፣ የሐር ካፖርትና ሰው ሠራሽ ፀጉር አድርጎ የትልልቅ ሰዎችን ዳንስ በቫዮሊኑ ይመራ ነበር፤ በኋላም ሪችመንድ ላይ ቀጠለ። ቨርጂኒያ ውስጥ ባለርስት ሲደንስ የሚያስደንሰው ብዙ ጊዜ ጥቁር ሰው ነው።

አሁን ወደ ጎንደር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በፌብሩዋሪ 1770፣ ያው ክርስቲያን የተባለው መምህር በፌርፋክስ በሚዞርበት ዓመት፣ ራስ ሚካኤል ስሑል ነገሥታትን እያነሡ በሚጥሉበት ዘመን ጎንደር ገባ። ሲመለስ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ለእንግሊዛዊው የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ለቻርልስ በርኒ ደብዳቤ ጻፈለት፤ በርኒም በ1776 በወጣው የሙዚቃ ታሪኩ አንደኛ ቅጽ ውስጥ አሳተመው። ብሩስ ስድስት መሣሪያዎች ይቆጥራል፤ ዋሽንት፣ መለከት፣ ነጋሪት፣ ከበሮ፣ ጸናጽልና የክራር ወገን። ማሲንቆ ከቁጥሩ የለችም። በቤተ መንግሥትና በቤተ ክርስቲያን ያየውን ጻፈ እንጂ አዝማሪው በአንድ ጭራ የሚያደርገውን አልቆጠረውም።

በርኒን እዚህ ያነሣሁት ሌላ ሰውም ስለሚፈልገው ነው። ቶማስ ጀፈርሰን የፌርፋክስ ሰው አይደለም፤ ቤቱ ሞንቲቼሎ ከፌርፋክስ በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። የኮሬሊን ዓይነት ሶናታ ግን አጥብቀው ከያዙት የቨርጂኒያ ሰዎች አንዱ ነው። በወጣትነቱ በቀን ሦስት ሰዓት ያህል ቫዮሊን ይለማመድ እንደነበር ተናግሯል። በ1771 ከጆን ራንዶልፍ ጋር አስቂኝ ውል ፈረመ፤ ራንዶልፍ ቀድሞ ከሞተ ቫዮሊኑ ለጀፈርሰን፣ ጀፈርሰን ቀድሞ ከሞተ ከመጻሕፍቱ የተወሰነ ለራንዶልፍ። ውሉ ምስክር ተደርድሮለት ፍርድ ቤት ተመዘገበ። ማንም ሳይሞት የአሜሪካ አብዮት ደረሰ፤ ራንዶልፍ ለንጉሡ ታማኝ ሆኖ ወደ እንግሊዝ ሲሰደድ ጀፈርሰን በኦገስት 1775 ቫዮሊኑን በ13 ፓውንድ ገዛውና ውሉ ፈረሰ።

ጀፈርሰን በ1772 ያገባት ማርታ ዌይልስ ስኬልተን ሃርፕሲኮርድ ተጫዋች ነበረች። የቤተሰቡ ወግ እንደሚለው ሌሎች ሁለት ፈላጊዎቿ አንድ ቀን ደጃፏ ሲደርሱ ከውስጥ የእርሷ ሃርፕሲኮርድና የጀፈርሰን ቫዮሊን አብረው ሲሰሙ፣ ነገሩ ያለቀለት መሆኑን ተረድተው ሳይገቡ ተመለሱ። በ1783 ያዘጋጀው የመጻሕፍቱ ዝርዝር የኮሬሊን ሶናታዎችና የጄሚኒያኒን ማስተማሪያ ይዟል። ያኔ ማርታ ሞታ ነበር። በሴፕቴምበር 1786 ፓሪስ ላይ ወድቆ ቀኝ አንጓው ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ ቫዮሊኑ እንደ ቀድሞው አልሆነለትም። በዚያው ዓመት ለሴት ልጁ ከለንደኑ ሠሪ ከኪርክማን ሃርፕሲኮርድ ሲያዝ ሥራውን እንዲቆጣጠርለት የለመነው ቻርልስ በርኒን ነው። በርኒም እሺ አለ። ስለ ጎንደር ከበሮና ጸናጽል የታተመው ደብዳቤና የጀፈርሰን ልጅ ሃርፕሲኮርድ በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ አለፉ።

ሞንቲቼሎም ሁለተኛ ቫዮሊን ነበረው። በባርነት የምትኖረው ሳሊ ሄሚንግስ ከጀፈርሰን የወለደቻቸው ወንዶች ልጆች ቫዮሊን ይጫወቱ ነበር። የመጨረሻው ልጅ ኤስተን፣ በ1808 የተወለደው፣ ኋላ ኦሃዮ ውስጥ ቺሊኮቲ በምትባል ከተማ በቫዮሊን ዳንስ እየመራ የሚኖር የታወቀ ሙዚቀኛ ሆነ።

ማውንት ቨርነን ግን አንድ ጊዜ ተመልሶ ተሰማ። ያ ቫዮሊን ይማር የነበረው ጃኪ በ1781 ዮርክታውን ጦር ሰፈር ውስጥ በያዘው ትኩሳት ሞተ። ትንሿን ልጁን ኔሊን ዋሽንግተንና ማርታ አሳደጓት። በ1793 ለኔሊ ከለንደኑ ሎንግማንና ብሮድሪፕ ድርጅት ባለ ሁለት ረድፍ ሃርፕሲኮርድ ተገዛላት፤ ዋሽንግተን በፕሬዚዳንትነት ሳለ ቤተሰቡ ፊላዴልፊያ ይኖር ስለነበር እዚያ ተተክሎ በ1797 ወደ ፌርፋክስ መጣ። ወንድሟ ኋላ እንዳስታወሰው አያቷ ማርታ ለሰዓታት ታስቀምጣታለች፤ ልጅቷ እየተጫወተች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትጫወታለች። በዚያን ጊዜ ሃርፕሲኮርድ ራሱ ጊዜው እያለፈበት ነበር። ፒያኖ ቦታውን ወስዷል፤ አቀናባሪዎች የቀኝ እጁንም ኖታ በሙሉ እየጻፉ ስለሚያቀርቡ ቁጥር የሚያነብ ተጫዋች አላስፈለገም። ዋሽንግተን በዲሴምበር 1799 ሲሞት ማውንት ቨርነን 317 በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩበት። ኮንቲኑዎም ከእርሱ ዘመን ጋር ከፌርፋክስ እልፍኞች ወጣ።

ቫዮሊኑ ቀረ። ማን እጅ ላይ እንደቀረ የሚያሳየው የሰለሞን ኖርዘፕ ታሪክ ነው። ኖርዘፕ በኒውዮርክ ግዛት ሳራቶጋ ውስጥ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የሚኖር ነጻ ሰው፣ ጥሩ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። በ1841 ሁለት ሰዎች ለሰርከስ ሥራ ቫዮሊን የሚጫወት እንፈልጋለን፣ ጥሩ እንከፍላለን ብለው እስከ ዋሽንግተን ከተማ ይዘውት መጡ። አደንዝዘው ለባሪያ ነጋዴ ሸጡት። ሲነቃ ከካፒቶል አጠገብ ባለ የባሪያ ማጎሪያ ውስጥ በሰንሰለት ታስሯል። ነጻ ነኝ ባለ ጊዜ ተገረፈ። ከዚያ ከሌሎች ጋር በእንፋሎት መርከብ ጭነው ቁልቁል በፖቶማክ ወሰዱት። መርከቡ በማውንት ቨርነን በኩል ሲያልፍ ለዋሽንግተን መቃብር ክብር ደወል ተደወለ። ነጋዴው ኮፍያውን አውልቆ ለአባት አገር መሥራች እጅ ሳይነሣ እንደማይቀር ኖርዘፕ በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ በምሬት ጽፏል። ሉዊዚያና ውስጥ 12 ዓመት ሲኖር ጌቶቹ ለዳንስ የሚያከራዩት ቫዮሊኑን ነው፤ በዚያው ቫዮሊን ጥቂት ሳንቲምና ጥቂት ዕረፍት አገኘ። በጃንዋሪ 1853 ነጻ ወጣ።

በ1858 የሴቶች ማኅበር ማውንት ቨርነንን ገዝቶ ማደስ ጀመረ። በቤተሰቡ እጅ ሲዘዋወር የቆየው የኔሊ ሃርፕሲኮርድ የእርስ በርስ ጦርነቱ ዋዜማ ላይ ወደ ቤቱ ከተመለሱት የመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች አንዱ ሆነ። ዛሬም እዚያው ግቢ ይታያል፤ ድምፁን ለማሰማት ደግሞ እርሱን አስመስሎ የተሠራ ሌላ አለ።

ሙዚቃው እስኪመለስ ግን ብዙ ቆየ። በ1905 አርኖልድ ዶልሜች ቦስተን መጥቶ በቺከሪንግ የፒያኖ ፋብሪካ ውስጥ ሃርፕሲኮርድ መሥራት ጀመረ። በዋሽንግተን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1925 የኩሊጅ አዳራሽን ከፈተ፤ በ1930ዎቹ አጋማሽ ጌርትሩድ ዊታል አምስት የስትራዲቫሪ መሣሪያዎች ሰጠችው፤ ሦስቱ ቫዮሊኖች በ1699፣ በ1700 እና በ1704 የተሠሩ ናቸው። ሁለተኛው የኮሬሊ አምስተኛ መጽሐፍ እኩያ ነው። ታይተው እንዲቀሩ አልተሰጡም፤ እንዲመቱ ነው።

ከእኛም ወገን ቫዮሊን ወደ አዲስ አበባ ቀድሞ ገብቷል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ በ1923 ተወልደው በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ተማሩ። በጣሊያን ወረራ ከቤተሰባቸው ጋር አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ወርደው ከፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ሥር በቀን ዘጠኝ ሰዓት ፒያኖና ቫዮሊን አጠኑ፤ ኮንቶሮቪችም አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍልን መራ። ዓለም ያወቃቸው በፒያኖ ነው፤ ጅምራቸው ግን አራት ክር ላይ ነበር። በ2008 ዋሽንግተን መጥተው ተጫውተዋል። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ደግሞ ማሲንቆና ቫዮሊን በአንድ ግቢ ይሰጣሉ።

ዛሬ በስካይላይን፣ በቤይሊስ ክሮስሮድስና በስፕሪንግፊልድ የሚኖረው ሐበሻ ልጆቹን የሚልክበት የፌርፋክስ ካውንቲ የሕዝብ ትምህርት ቤት የክር መሣሪያ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ያስተምራል። ልጁ ቫዮሊን ይዞ ቤት ሲገባ «ይህ የፈረንጅ ነገር ምን ያደርግልሃል» የሚል ወላጅ አሁንም አለ። በዚህ ካውንቲና በዙሪያው ለመቶ ዓመት ቫዮሊኑን ከእጁ ያልጣለው ማን እንደነበረ ያላወቀ ነው እንዲህ የሚለው። እልፍኙ መጽሐፉን ሲዘጋ የቀጠሉት ጥቁሮቹ ናቸው።

ስለዚህ ወላጆች፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። ልጃችሁ በሱዙኪ ዘዴ የሚማር ከሆነ ስድስተኛው መጽሐፍ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ቁራጭ የኮሬሊ ላ ፎሊያ ነው። እዚያ ያለው አጃቢ ለፒያኖ በሙሉ ተጽፎ የቀረበ ነው፤ መምህሩን ቁጥር የተጻፈበትን ባስ እንዲያሳየው ለምኑት። አንድ ቅዳሜ ማውንት ቨርነን ውሰዱት፤ ሃርፕሲኮርዱን ካየ በኋላ በዚያው ግቢ ወዳለው በባርነት የተያዙት ሰዎች መቃብር ሳትሄዱ አትመለሱ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኮንሰርቶችም በነጻ ናቸው፤ ትኬቱን ግን አስቀድማችሁ ያዙ።